ባዶውን የምድር ሆድ በምን እንሙላው?



ልጅ ሳለሁ በአያቴ ግቢ፣ ከበረቱ በስተጀርባ፣ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተገጥሞ በጭቃ የተመረገ የእህል ጉድጓድ ነበረ። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ግድግዳው በእበት የተለቀለቀ፣ ወለሉም ገለባ የተነጠፈበት ስለ ነበረ የአያቴ ማሽላ ሳይነቅዝ በዚያ ይከርም ነበር። ጉድጓዱ እህል በያዘ ጊዜ ከብት በላዩ ቢተላለፍም ግድ የሚለው ሰው አልነበረም፤ እህሉ ወጥቶ ባዶውን በቀረ ጊዜ ግን አያቴ ዙሪያውን እሾህ ያጥሩበትና እኛን ልጆቹን «ወደዚያ ዝር እንዳትሉ!» እያሉ ያስጠነቅቁን ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ በርትቶ የጉድጓዱ ጣራ ተደረመሰና አንዲት ጊደር ከነነፍሷ ገባችበት። ጊደሯ በገመድ ተጎትታ ከወጣች በኋላ አያቴ ዳግመኛ እህል ሊያኖሩበት አልወደዱም፤ የምድጃ አመድ፣ የገል ስብርባሪ፣ የፈረሰ ካብ ድንጋይ እያስጣሉ ያስሞሉት ጀመር። በዚህ መካከል አንድ ቀን ከብት ጠባቂው የሞተ ውሻ በጠፍር እየጎተተ አምጥቶ ሊጥልበት ሲል አያቴ ደረሱበትና በቁጣ መለሱት። «ይህ ጉድጓድ የሚሞላው ግቢዬ እንዳይሰምጥ ብዬ ነው፤ የሚጠላ ነገር እንዲሸሸግበት አይደለም፤ ምንጩ ያለው ከዚሁ በታች ነው» አሉት።

ያን ጊዜ ልቤ ከጊደሯ ጋራ ስለ ነበረ የአያቴን ቃል እምብዛም አላስተዋልሁትም። ከብዙ ዘመን በኋላ ግን ስለ ማዕድን ሥራና ማዕድን ስለሚተወው ባዶ ስፍራ መመርመር በጀመርሁ ጊዜ፣ በሌላው ዓለም መሐንዲሶች በስሌት፣ ዳኞችም በብያኔ ሲደክሙበት ያገኘሁት ዐቢይ ጥያቄ ያው የአያቴ ጥያቄ ሆነብኝ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁትም ስለዚሁ ለመናገር ነው፤ ይኸውም የፋብሪካን ጥራጊና ዝቃጭ፣ አመድና ጭቃ፣ ማዕድኑ ወጥቶ ባዶ በቀረው ከርሠ ምድር ውስጥ ስለ መሙላት ነው።

የሰው ልጅ ወደ ከርሠ ምድር ወርዶ ወርቁን፣ ጨዉን፣ መዳቡን፣ ከሰሉን ባወጣ ጊዜ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ትቶ ይሄዳል፤ ከታች ባዶ፣ ከላይ ክምር። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ገብቶ ያየ ሰው የታችኛውን ባዶ ለመገመት አይቸገርም። የዚያ ዘመን ጠራቢዎች ዐምዱን ከውጭ አምጥተው አላቆሙትም፤ የማይፈለገውን ዐለት እየፈለፈሉ ሲያወጡ ሳይነኩ የተዉት ዐምድ ሆኖ ቀረ። ማዕድን ቆፋሪም በብዙ ስፍራ የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ጣራው እንዳይወርድበት እዚህና እዚያ የማዕድኑን ሥጋ ሳይነካ ዐምድ አድርጎ ይተዋል። ልዩነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። የቤተ መቅደሱ ጠራቢ ዐምዱን የተወው ለትውልደ ትውልድ እንዲቆም አስቦ ሲሆን፣ ማዕድን ቆፋሪው ግን ዐምዱም ራሱ የሚሸጥ ሀብት ስለ ሆነ ዓይኑን ጥሎበት ያድራል፤ በየጊዜውም ጥቂት ጥቂት እየጠረበ ያቀጥነዋል። ቆፋሪው ትርፉን ይዞ ከሄደ በኋላ የቀረውን ሸክም የሚሸከመው ያ የቀጠነው ዐምድ፣ ከዐምዱም በላይ ቤት ሠርቶ የተቀመጠው ሕዝብ ነው።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት አንዲት ከተማ መርጫለሁ። በእንግሊዝ አገር በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ቼሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ኖርዝዊች የምትባል ከተማ አለች። ለእኛ ጨው ሲባል ትዝ የሚለን በአፋር በረሓ ከምድር ገጽ ተፈልጦ በግመል የሚጫነው አሞሌ ነው፤ የኖርዝዊች ጨው ግን ከከተማይቱ እግር በታች ተነጥፎ የተኛ ነው። የሮማ ወታደሮች በዚያ በነበሩበት ዘመን እንኳ ሰዎች ከምንጭ የሚወጣውን ጨዋማ ውኃ እያፈሉ ጨው ያወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1670 ግን ከከተማይቱ አቅራቢያ ከሰል ድንጋይ ሲፈልጉ የነበሩ ቆፋሪዎች ከሰሉን አጥተው የጨው ዐለት አገኙ። በመጀመሪያ የላይኛውን የጨው ንጣፍ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻም ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት የሚገኘውን የታችኛውን ንጣፍ ዐምድ እየተዉ ፈለፈሉት።

ጨው በደረቀ ጊዜ የታመነ ዐለት ነው፤ ውኃ በነካው ጊዜ ግን በሻይ ውስጥ እንደ ገባ ስኳር ይሟሟል። የላይኞቹ ማዕድኖች ጣራቸው ስስ ስለ ነበረ ውኃ እየሰረገ ሞላባቸውና ቆፋሪዎቹ ትተዋቸው ወጡ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳቱ ባልከፋ ነበር፤ ጨዉን ጠጥቶ የጠገበ ውኃ ተጨማሪ ጨው ማሟሟት አይችልምና፣ በጨው የጠገበ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ዐምዶቹ ሳይነኩ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። ነገር ግን ሌሎች ነጋዴዎች መጡና ያንኑ የጠገበ ውኃ በፓምፕ እየሳቡ አፍልተው ጨው ያወጡ ጀመር። የአገሩ ሰዎች ይህን ውኃ «ዲቃላ» ይሉት ነበር። የጠገበው ውኃ በተሳበ ቍጥር የተራበ አዲስ ውኃ በቦታው ይገባል፤ የተራበውም ውኃ የሚበላው አጥቶ አያውቅም፤ ዐምዶቹን በላ። በምድር ላይ የሚኖረው ሰው የሚያየው ግን የቤቱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ የበሩ መቃን ሲጣመም፣ አንድ ማለዳም ጎዳናው ወርዶ ኵሬ ሆኖ ሲያገኘው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1880 የሆነው ከሁሉ የከፋ ነበር፤ ከከተማይቱ አጠገብ ምድር ተከፍታ ወንዝ ዋጠች፣ ዊቨር የሚባለውም ትልቁ ወንዝ ለጊዜው ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ፈሰሰ።

በዚህ ስፍራ ስለ ፍትሕ ጥቂት ልናገር። ቤቱ የሰመጠበት ሰው ማንን ይክሰስ? ጨዋማው ውኃ ከሩቅ እየተሳበ ስለሚመጣ ይህን ዐምድ የበላው የእገሌ ፓምፕ ነው ብሎ በምስክር ማስረዳት የሚቻል አልነበረም። የእንግሊዝ ሸንጎም እ.ኤ.አ. በ1891 በደነገገው ሕግ ጥፋተኛውን ለይቶ መፈለጉን ትቶ፣ ጨዋማ ውኃ የሚስቡ ሁሉ በሳቡት መጠን እያዋጡ የተጎዳው እንዲካስ ወሰነ። ይህ ሕግ በእኔ አስተያየት ከብዙ የምሕንድስና ሥራ ይልቅ የሚደነቅ ነው፤ በኅቡእ የሚፈጸም ጉዳት በዳዩ ስላልታወቀ ብቻ ያለ ካሳ እንዳይቀር መንገድ ከፍቷልና። ሕዝቡም በበኩሉ ጥበቡን አሳየ። ቤቱን በድንጋይና በጡብ መሥራቱን ትቶ በእንጨት ማገር አያይዞ፣ ምድር በሰመጠች ጊዜ መካኒክ መኪና በክሪክ እንደሚያነሣ ቤቱን ከነጣራው በክሪክ ወደ ላይ አንሥቶ የሚያስተካክለው አድርጎ ይሠራው ጀመር።

ክሪክ ግን መድኀኒት አይደለም። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ከከተማይቱ መካከል በታች በጨዋማ ውኃ የተሞሉ ታላላቅ ባዶ ስፍራዎች ስለ ነበሩ በላያቸው ደኅና ሕንፃ ለመሥራት የሚደፍር አልተገኘም። እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2007 ድረስ ባሮንስ ኪ፣ ዊትን ባንክ፣ ኒውማንስና ፔኒስ ሌን የሚባሉት አራቱ የተተዉ ማዕድኖች ተሞሉ። የተሞሉበትም ነገር በአመዛኙ የፋብሪካ ትርፍራፊ፣ ማለት የኤሌክትሪክ ኀይል ለማመንጨት ከሰል ድንጋይ ሲነድ የሚቀረው የደቀቀ አመድ ነበር። አመዱ ከጥቂት ሲሚንቶ ጋራ ተለውሶ እንደ ወጥ ይፈስ ዘንድ ቀጥኖ፣ ከላይ በተቆፈሩ ቀጫጭን ጉድጓዶች ወደ ታች ተለቀቀ፤ እርሱ ሲገባ ጨዋማው ውኃ በሌላ በኩል እየተገፋ ወጣ። አስተዋይ ሰው የሚያደንቃት አንዲት ነገር በዚህ ውስጥ አለች። አመዱ የተለወሰው በተራ ውኃ ቢሆን ኖሮ፣ ውኃው የተራበ ነውና ሊያድኑት የመጡትን ዐምድ ገና ሲደርስ ይበላው ነበር፤ ስለዚህ ሙሌቱን ራሱን አስቀድመው ጨው አጠገቡት።

ሥራው ወደ 30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ፤ ወጪውም የተሸፈነው ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነበር። ትርፉን ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የበሉት ሰዎች አንዲት ሳንቲም አልከፈሉም፤ ሞተዋልና። ስለዚህ ማዕድን ሲከፈት የመዝጊያው ገንዘብ አስቀድሞ ተቀማጭ ሊሆን ይገባል የሚሉትን ሰዎች እኔ በሙሉ ልብ እደግፋቸዋለሁ።

አሁን ከእናንተ መካከል «አመድ ምን ኀይል አለውና ከተማ ይሸከማል?» የሚል አይጠፋም። እነሆ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት ከደብተር ገንጥዬ፣ እንደ ብርሌ ወገብ አድርጌ ጠቅልዬ፣ በክር አስሬ አቁሜአለሁ። በመጀመሪያው፣ ውስጡ ባዶ በሆነው ላይ ይህን ወፍራም መዝገበ ቃላት ሳስቀምጥበት፣ እንደምታዩት፣ ወገቡ ተሰብሮ ተጨማደደ። ሁለተኛውን ግን ዛሬ ጧት ከቤቴ ምድጃ ባመጣሁት አመድ ጠቅጥቄ ሞልቼዋለሁ። መጽሐፉን ተሸክሞ ቆመ። አመዱ ድንጋይ አልሆነም፤ የወረቀቱም ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ አመዱ ያደረገው ወረቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይጎብጥ መከልከል ብቻ ነው። በከርሠ ምድርም የሚሆነው ይህንኑ ይመስላል። ዐምድ የሚሞተው ጎኑ እየተላጠ፣ እየተቀረፈ፣ ወገቡ እየቀጠነ ነው፤ ዙሪያውን ሙሌት ደግፎ ከያዘው ግን ቅርፊቱ የሚወድቅበት ባዶ አያገኝም። ስለዚህ ሙሌቱ የተራራውን ሙሉ ክብደት ይሸከም ዘንድ ግድ አይደለም፤ ዐምዱን በጎኑ ማቀፉ ይበቃል።

ደግሞም የከሰል አመድ ከምድጃዬ አመድ የሚበልጥበት ነገር አለ። እሳቱ እጅግ ስለሚበረታ አመዱ ቀልጦ እንደ መስተዋት ያለ የደቀቀ ጠጠር ይሆናል፤ ይህም ኖራና ውኃ ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። የጥንት ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድ ከኖራ ጋራ ለውሰው ሕንፃ ያቆሙበት ምስጢር ይኸው ነው፤ በአገራችንም የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከስምጥ ሸለቆ የሚያመጡትን ፑሚስ ፒፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ የሚጨምሩት በዚሁ ምክንያት ነው። አበው «አመድ በዱቄት ይስቃል» ሲሉ የአመድን ከንቱነት ማመልከታቸው ነበር፤ በኖርዝዊች ግን አመዱ የዱቄቱን ሥራ ሠራ።

ባዶውን የመሙላት ሐሳብ በዚህ ዘመን የተወለደ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬንያ፣ ሸናንዶ በምትባል የከሰል ከተማ፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መሠረት እንዳይሰምጥ ሲሉ ቆፋሪዎች የከሰል ጥራጊ በውኃ እያጠቡ ወደ ታች ማውረዳቸው በዚህ ሥራ ታሪክ ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ተቈጥሯል። ከዚያ ወዲህ የፖላንድ ከሰል ቆፋሪዎች አሸዋ በውኃ እየነዱ ሲሞሉ፣ የደቡብ አፍሪካ ወርቅ ቆፋሪዎችም ወርቁ የወጣለትን አሸዋ መልሰው ሲያወርዱ ኖሩ። ከዚህ ዘዴ ጋራ የሚመጣው ችግር ውኃው ነበር፤ አሸዋውን ይዞ የወረደው ውኃ እንደ ገና በፓምፕ መውጣት አለበት፣ ሙሌቱን የሚገድበው ግንብ ከተሰበረም ከታች ያሉትን ሠራተኞች ይጠርጋል። ስለዚህ በ1970ዎቹ መጨረሻ በጀርመን፣ በሐርትስ ተራሮች፣ ባድ ግሩንት በሚባለው የእርሳስና የዚንክ ማዕድን፣ የማዕድኑን ዝቃጭ ውኃውን አስቀድመው ጨምቀው፣ እንደ ተቦካ ሊጥ አወፍረው በቧንቧ መግፋት ጀመሩ። ዛሬ በብዙ የዓለም ክፍል የሚሠራበት ይህ የሊጥ ሙሌት ነው።

እዚህ ላይ ግን ሰው እንዳይታለል አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ከጉድጓድ የወጣው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አይመለስም። ጉድጓድ የቆፈረ ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው የተቆፈረ አፈር ያብጣል፤ ዐለትም ሲፈጭ እንዲሁ ነው። ከዝቃጩ ወደ ታች የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ነውና የቀረው ከላይ ጠባቂ ይፈልጋል። ሙሌት ክምሩን ያሳንሰዋል፤ ያጠፋዋል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትመኑት።

ማሳነሱ ራሱ ግን ስንት ነፍስ ማለት እንደ ሆነ አስቡት። በዛምቢያ፣ ሙፉሊራ በሚባለው የመዳብ ማዕድን፣ የዝቃጩ ጭቃ ከላይ በሜዳ ተጠራቅሞ ሳለ ከሥሩ መዳቡ እየወጣ ምድሪቱ ትሰምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 25 ቀን 1970፣ የሌሊቱ ተራ ሠራተኞች ከታች ሳሉ፣ ጭቃው ምድሪቱን ቀዶ ወረደባቸውና 89 ሰዎች ሞቱ። በሥርዓት፣ በመጠን፣ ከሲሚንቶ ጋራ ተለውሶ ቢወርድ ኖሮ ዐምዳቸውን ሊያቅፍ ይችል የነበረው ጭቃ፣ ሳይጠሩት በጨለማ መጥቶ መቃብራቸው ሆነ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1966 ጥቅምት 21 ቀን፣ በዌልስ አገር፣ አበርቫን በምትባል መንደር፣ በምንጭ ላይ የተከመረ የከሰል ጥራጊ ተንሸራቶ ትምህርት ቤት ላይ ወደቀ፤ ከሞቱት 144 ሰዎች 116ቱ ልጆች ነበሩ። በእኛም ከተማ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቆሼ የሚባለው የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከአንድ መቶ የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀብሯል። የቆሼ ጥራጊ የማዕድን አልነበረም፤ ቢሆንም ክምር ከየትም ይምጣ ከየት በራሱ ክብደት መውረድ ባሕርዩ ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁትን የሰማ ሰው፣ እንግዲያስ ጥራጊውን ሁሉ ወደ ጉድጓዱ አውርደን ከሁለቱም መከራ በአንድነት አንገላገልም ወይ? ሊል ይችላል። ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተው ውሻ በጠፍር እየተጎተተ የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው።

በፈረንሳይ አገር፣ በአልዛስ፣ ቪተልስሃይም በምትባል ቀበሌ፣ የፖታሽ ማዕድን ነበረ። ፖታሹ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ፣ ወደ 550 ሜትር በሚጠጋ ጥልቀት፣ ከፖታሹ በታች ባለው ጨው ውስጥ አዲስ ዋሻዎች ተፈልፍለው ስቶካሚን የሚባል መጋዘን እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። ሳያኒድና አርሴኒክ፣ ሜርኩሪም ያለበት የፋብሪካ መርዝ በበርሜልና በከረጢት እየተደረገ ይወርድበት ጀመር። ለሕዝቡ የተነገረው፣ አንድ ቀን ቢያስፈልግ ሁሉም ተመልሶ ሊወጣ እንደሚችል ነበር። እ.ኤ.አ. መስከረም 2002 ላይ እሳት የማይነካው ነው በተባለው መጋዘን ውስጥ እሳት ተነሣና ሳምንታት ነደደ። ከዚያ በኋላ አዲስ መርዝ አልገባበትም፤ እስከዚያ ድረስ የገባው ግን 44 ሺህ ቶን ያህል ነበር። ጨው በከባድ ሸክም ሥር እንደ ሰም ቀስ እያለ ስለሚፈስ ዋሻዎቹ በየዓመቱ እየጠበቡ፣ በርሜሎቹንም እየጨመቁ ሄዱ። ከ2014 እስከ 2017 ድረስ ሜርኩሪ ካለበት ብዙው በድካም ወጣ፤ የቀረው እዚያው ነው፤ ከአካባቢው በላይ በኩልም የላይኛውን የራይን ሸለቆ ሕዝብ የሚያጠጣው ታላቅ የከርሠ ምድር ውኃ ይገኛል።

ኖርዝዊችንና ቪተልስሃይምን ጎን ለጎን አቁማችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም የጨው ምድር ናቸው፤ በሁለቱም የፋብሪካ ጥራጊ ወርዷል። በኖርዝዊች ግን አስቀድሞ የነበረ፣ ካልተሞላ ከተማ የሚያፈርስ ባዶ ነበረ። በቪተልስሃይም ባዶው ራሱ የተፈለፈለው ለመርዙ ሲባል ነው። የመጀመሪያው ዋሻውን ለመደገፍ ጥራጊ ፈለገ፤ ሁለተኛው ጥራጊውን ለመሸሸግ ዋሻ ፈለገ።

ይህ ልዩነት በሉክሰምበርግ በሚያስችለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ የተመረመረበት ጊዜ አለ። አንድ የኦስትሪያ ድርጅት ቆሻሻ ሲቃጠል ከሚቀረው አመድና ዝቃጭ 7 ሺህ ቶን በጀርመን ወደሚገኘው የኮኸንዶርፍ የተተወ የጨው ማዕድን ልኮ ለሙሌት ሊያውል ፈቃድ ጠየቀ፤ የኦስትሪያ ባለ ሥልጣኖች ይህ ሙሌት ሳይሆን ቆሻሻ መጣል ነው ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 2002 በሰጠው ብያኔ፣ ነገሩ በየጉዳዩ እየታየ እንዲወሰን አድርጎ መለኪያውን አስቀመጠ፤ የሥራው ዋና ዓላማ ጥራጊው ጠቃሚ አገልግሎት እንዲሰጥ፣ ማለት ለዚያ አገልግሎት ያለ ጥርጥር ሊመጣ ግድ የነበረውን ሌላ ዕቃ እንዲተካ ከሆነ መልሶ መጠቀም ነው አለ። እኔ ብያኔውን በራሴ አነጋገር ስመልሰው እንዲህ እጠይቃለሁ፤ ይህ ጥራጊ በዓለም ላይ ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ጉድጓድ አሸዋና ድንጋይ በገንዘባችሁ ገዝታችሁ ትሞሉት ነበርን? መልሱ አዎን ከሆነ ጉድጓዱ በእውነት ሙሌት ይፈልጋል። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ የመጣው ሰው የሚከፈለው ለመሙላት ሳይሆን ለመደበቅ ነው። የአውሮፓ ሕግም በ2018 ተሻሽሎ፣ በዚህ ስም ሊጠራ የሚገባው አደገኛ ያልሆነ ጥራጊ፣ ጥራጊ ያልሆነውን ዕቃ ተክቶ፣ ለሥራው በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ሲገባ ነው ሲል ወሰነ።

ለጀርመኖች ደግሞ ፍትሐዊ መሆን ይገባል። የጨው ማዕድኖቻቸውን ከቆሻሻ ማቃጠያ በሚመጣ አመድ የሚሞሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 13 ቀን 1989፣ በምሥራቅ ጀርመን፣ ፎልከርስሃውዘን በምትባል መንደር ሥር፣ የፖታሽ ማዕድን ዐምዶች ባንድ ጊዜ ተሰባብረው ምድሪቱ በመሣሪያ 5.6 ያህል በተለካ ነውጥ ተናወጠች፤ የመንደሪቱም አብዛኛው ቤት ተጎዳ። እንዲህ ያለውን ያየ ሕዝብ ባዶ ስፍራን ይፈራል። ነገር ግን የቆሻሻ ማቃጠያ አመድ የከሰል አመድ ወንድም ቢመስልም ጠባዩ ሌላ ነው፤ በተለይ ከጭስ ማጣሪያ የሚሰበሰበው ብናኝ እርሳስና ካድሚየም ያከማቻል፤ በውስጡም ጥቃቅን አሉሚኒየም ካለ ከውኃ ጋራ ሲለወስ የሚፈነዳ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ የማዕድኑ ነፋስ መተላለፊያ ያለ ማቋረጥ መሥራት አለበት፤ ውኃም ለዘለዓለም መከልከል አለበት። ጀርመኖች በ2002 ባወጡት የሙሌት ደንብ ላይ ደግሞ እጅግ የወደድሁት አንቀጽ አለ፤ ጥራጊው ከተወሰነ መጠን በላይ ዚንክ፣ እርሳስ፣ መዳብ ወይም እነዚህን የመሰለ ብረት የያዘ እንደ ሆነ፣ ብረቱ ተለይቶ መውጣት የሚቻል ሆኖ ሳለ ለሙሌት ሊቀበር አይፈቀድም። ከአንዱ ጉድጓድ በድካም የወጣ ብረት በሌላው ጉድጓድ እንዲቀበር ማድረግ ስንፍና ነውና።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ፤ ካርታ። የት እንዳለ የማይታወቅ ባዶ ሊሞላ አይችልም። በእንግሊዝ አገር ከ1872 ጀምሮ ማዕድኑን ትቶ የሚሄድ ሰው የቆፈረበትን ካርታ ለመንግሥት እንዲያስረክብ በሕግ ታዘዘ፤ ከዚያ በፊት የተተዉት ግን እስከ ዛሬ ሰውን ያስደነግጣሉ። ለእኛ አገር የሚቀርበን ትምህርት ይህ ይመስለኛል። በወሎ፣ በደላንታ፣ ኦፓል የሚፈልጉ ወጣቶች በገደሉ ወገብ ላይ በእጃቸው እየቆፈሩ እንደ ጅብ ጉድጓድ ያለ ዋሻ ይገባሉ፤ ያወጡትን ድንጋይ ወደ ገደሉ ይለቁታል፤ ዋሻው በላያቸው ተደርምሶ የቀሩ ወንድሞች አሉን። እነዚህን ልጆች «የአውሮፓ ፋብሪካ ይምጣላችሁ» ብሎ ማጽናናት አይገባም። ጥንታውያን ቆፋሪዎች ፓምፕና ሲሚንቶ ሳይኖራቸው ያደርጉት የነበረውን ማድረግ ግን ይችላሉ፤ የፈለፈሉትን ድንጋይ ከገደል ከመልቀቅ፣ ነፋስ የሚገባበትንና ሰው የሚያመልጥበትን መንገድ ብቻ ትተው፣ ሥራው ባለቀበት በኋለኛው ዋሻ እንደ ካብ አድርገው ከወለል እስከ ጣራ መደርደር። ከወረዳው ማዕድን ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ ሜትርና ደብተር ይዞ በየወሩ ቢወጣ፣ የየዋሻውን አቅጣጫና ርዝመት ቢመዘግብ፣ ልጆቹ ነገ ከማን ዋሻ በላይ እንደሚቆፍሩ ባወቁ ነበር።

ወደ ኖርዝዊች ልመለስና ንግግሬን ልፈጽም። ከከተማይቱ ወጣ ብሎ፣ ምድር ሰምጣ ኵሬ የሆነችባቸው ኒውማንስና አሽተንስ የሚባሉ ሁለት ስፍራዎች፣ ባለፈው ክፍለ ዘመን የሶዳ ፋብሪካ የኖራ ዝቃጭ ተጥሎባቸው ነበር፤ ዛሬ ኖራ በሚወድደው በዚያ ነጭ አፈር ላይ ኦርኪድ የሚባለው አበባ በበጋ ይፈካል፤ ሰዎችም ልጆቻቸውን ይዘው ይጎበኙታል። በከተማይቱ ውስጥ ደግሞ በ1914 የተሠራው የድሮው ፖስታ ቤት፣ ምድር በሰመጠች ጊዜ በክሪክ እንዲነሣ ሆኖ በእንጨት ማገር እንደ ተያያዘ አለ፤ አሁን የመጠጥ ቤት ሆኗል። አመዱ ከገባበት ከባሮንስ ኪ ማዕድን በላይ ደግሞ በ2016 አዲስ የገበያ ሕንፃ ተከፍቷል። እርሱ በጽኑ መሠረት ላይ የተተከለ ነው፤ ክሪክ የሚገባበት ስፍራ አላበጁለትም።